ከታች ሰማያዊ፣ ከላይ ነጭ

ሰሞኑን እርስ በርሳችን ስንነታረክበት የሰነበትነው ጉዳይ ላይ ላዩን ሲያዩት ቀላል ነው። አንድ ዩኒቨርሲቲ የራሱ ቀለም ያስፈልገዋል ወይ? የግድግዳ ቀለም ማለታችን አይደለም። ደብዳቤው፣ የደጃፉ ሰሌዳ፣ ሰርቪስ አውቶቡሱ፣ ድረ ገጹና የተማሪው መታወቂያ አንድ ዓይነት ለብሰው፣ ከሩቅ ያየ ሰው ጽሑፉን ሳያነብ "እሱ ነው" እንዲል የሚያደርገውን ቀለም ነው የምንለው። ግማሾቻችን "ቤተ ሙከራ ኬሚካል በጠፋበት አገር የቀለም ወሬ ቅንጦት ነው" አልን። የቀረነው ደግሞ "ቅንጦት ከሆነ ባንኮቹ ምነው በዚህ ሁሉ ገንዘብ ያዙት?" ብለን ሞገትን። ክርክሩ አልቋጭ ሲለን ግቢውን ትተን ከተማውን ማየት ጀመርን። ይልቁንም ቂርቆስ ክፍለ ከተማንና በውስጡ ያለችውን ካዛንቺስን። ቀለም በሸገር መንገድ ላይ እንዴት ሥራ እንደሚሠራ ማየት የፈለገ ሰው ከዚህ የተሻለ ሰፈር አያገኝም።

ለነገሩ ካዛንቺስ ራሷ ከአንድ ድርጅት ስም የተወለደች ሰፈር ናት። ጣልያን አገራችንን በወረረበት ዘመን (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.) ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት የሚሠራ "ኢንቺስ" የሚባል ተቋም ነበረው። ሙሉ ስሙን በአማርኛ ብናስቀምጠው "የመንግሥት ሠራተኞች ቤቶች ብሔራዊ ተቋም" እንደማለት ነው። የቤቶቹ መጠሪያ "ካዜ ኢንቺስ" ነበር። የአዲስ አበባ ሰው አፍ ላይ ሲወድቅ ካዛንቺስ ሆነና ቀረ። ተቋሙ በራሱ አገር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ፈርሷል። እዚህ ግን ረዳቱ በታክሲ መስኮት አንገቱን አውጥቶ እስከ ዛሬ ይጠራዋል። ማንም ማስታወቂያ አልሠራለትም፤ ማንም "ስሙን ጠብቁ" ብሎ መመሪያ አላወጣም። ሰው በየቀኑ ስለተጠቀመበት ብቻ ኖረ። ስለ ቀለምም የምንለው ከዚህ ብዙም የራቀ አይደለም።

አዲስ አበባ ውስጥ ቀለም ከሌላው ዓለም ይበልጥ ሥራ የሚበዛበት ምክንያት አለ። እኛ በመንገድ ስምና በቤት ቁጥር አንሄድም። "ቶታሉን አልፈህ፣ ቢጫውን ሕንጻ ስታገኝ ወደ ግራ፣ ሰማያዊ በር ያለው ግቢ" እንባባላለን። ሰው ሲጠፋበት የሚደውለው ካርታ ለማየት ሳይሆን "ምን ይታይሃል?" ለመባል ነው። ማንበብ የማይችሉ አያትና አሥር ዓመት ያልሞላው ልጅ በዚህች ከተማ ውስጥ ያለ ችግር የሚንቀሳቀሱት ከተማዋ በፊደል ብቻ ሳይሆን በቀለምም ስለምትነበብ ነው።

ከዚህ ንባብ ውስጥ ዋናው ፊደል ታክሲው ነው።

ትንሿ ፊያት ሴይቼንቶ በንጉሡ ዘመን፣ ላዳዋ በደርግ ዘመን፣ ሚኒባሷ ደግሞ ከዚያ ወዲህ መንገዱን ተረካክበውታል። ሦስቱ መኪናዎች በቅርጽ አይመሳሰሉም፤ አንዷ ጣልያን፣ አንዷ ሩሲያ፣ አንዷ ጃፓን የተወለዱ ናቸው። የተሰለፉበት መንግሥትም እንደዚሁ የተለያየ ነው። ልብሳቸው ግን አንድ ነው፦ ከታች ሰማያዊ፣ ከላይ ነጭ። የውጭ አገር ሰዎች ሚኒባሱን "ሰማያዊዋ አህያ" ሲሉት ስንሰማ ትንሽ ቅር ቢለንም፣ እነሱም ቢሆኑ በመጀመሪያ ያዩት ቀለሙን ነው ማለት ነው።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉ። ከመገናኛ ወደ ካዛንቺስ የሚመጡትን ሚኒባሶች አንድ በአንድ ብታዩዋቸው ሰማያዊያቸው አንድ አይደለም። አንዱ የጠራ ሰማይ ይመስላል። ሌላው ወደ ቀለም እስክሪብቶ ያደላል። ሦስተኛው በሩ ተገጭቶ ሲጠገን ሌላ ሰማያዊ ስለተቀባ በአንድ ጎኑ ሁለት ዓይነት ነው። ጋራዥ ውስጥ ቀለም የሚቀላቅለው ባለሙያ የሚሠራው በዓይኑ ነው፤ ቁጥር አይጠቀምም። ሆኖም አንድም ተሳፋሪ ታክሲ ተሳስቶ አያውቅም። ለምን ቢሉ፣ ሰው የሚያውቀው የሰማያዊውን ዓይነት ሳይሆን አቀማመጡን ነው። ሰማያዊው ከታች መሆኑን፣ ነጩ ከላይ መሆኑን፣ ይህን አለባበስ ደግሞ ሌላ መኪና አለመልበሱን ነው የሚያውቀው። ሦስተኛው ነገር ከሁለቱም ይበልጣል። የግል መኪና እንደ ታክሲ ተቀብቶ ቢዞር ትራፊክ ፖሊስ ዝም አይለውም። ቀለሙን ያስከበረው ውበቱ ሳይሆን የራሱ ብቻ መሆኑ ነው።

የለገሃሩ አንበሳ አውቶቡስም በዚሁ መንገድ ነው ያደገው። አገልግሎቱ የተጀመረው በ1930ዎቹ ዓ.ም. ሁለተኛ አጋማሽ፣ ጣልያን ጥሏቸው በሄዱ የጭነት መኪናዎች ነበር። ከዚያ አክሲዮን ሆነ፣ ከአብዮቱ በኋላ ተወረሰ፣ መኪናዎቹም እስከ ዳፍና እስከ ቢሾፍቱ ድረስ ተለዋወጡ። ቀይና ቢጫው ግን የአንበሳ መሆኑን የማያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ አልነበረም። ዝናብ ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ገና ከመታጠፊያው ብቅ ሲል "መጣ!" የሚለው የፊት መስታወቱን ቁጥር አንብቦ አይደለም። ቁጥሩን ማንበብ የሚመጣው በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የእኛ ቁጥር አይደለም።

ከለገሃር ትንሽ ከፍ ብሎ መስቀል አደባባይ አለ። ደርግ አብዮት አደባባይ ብሎት፣ በቀይ ባነርና በማርክስ፣ በኤንግልስ፣ በሌኒን ምስል አልብሶት ነበር። ያን ያህል ቀይ በአንድ ቦታ አዲስ አበባ ከዚያ በፊት አይታ የምታውቅ አይመስለንም። በ1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ሲወድቅ ቀዩም ወረደ፣ አደባባዩም የቀድሞ ስሙን አገኘ። በዚያው አደባባይ ጥግ ሲመላለሱ የነበሩት ሰማያዊ ታክሲዎች ግን በማግስቱም እዚያው ነበሩ። በመድረክ ላይ የተሰቀለ ቀለም መድረኩ ሲፈርስ አብሮ ይፈርሳል፤ ሰው ለዳቦው የሚጠቀምበት ግን ሌላ ዕድሜ አለው።

ሌላው የቂርቆስ ሰማያዊ የተባበሩት መንግሥታት ነው። የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ግቢ ከካዛንቺስ አፍንጫ ስር ነው ያለው። በውስጡ የሚገኘውን የአፍሪካ አዳራሽ አርቱሮ መዜዲሚ የተባለው ጣልያናዊ አርክቴክት ነድፎት በ1953 ዓ.ም. ተመረቀ፤ የአፍሪካ አንድነት ድርጅትም ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የተመሠረተው እዚያው ነው። (አዳራሹ ታድሶ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ እንደገና ተከፍቷል። የአፈወርቅ ተክሌን 150 ካሬ ሜትር የመስታወት ሥዕል ያላየ ሰው ካለ፣ ይህን ጽሑፍ እዚህ ላይ አቋርጦ ቢሄድ አንቀየመውም።)

የድርጅቱ ሰማያዊ ታሪክ ለክርክራችን ብዙ ጠቅሞናል። ዓርማው መጀመሪያ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1945 ለሳን ፍራንሲስኮው ጉባኤ በደረት ላይ የሚሰካ ምልክት እንዲሆን ነበር። ሰማያዊውን የመረጡት ሰዎች ምክንያታቸው ቀላል ነው፤ ቀይ የጦርነት ቀለም ነው፣ እኛ ተቃራኒውን እንያዝ አሉ። ያ የመጀመሪያው ሰማያዊ ግን ዛሬ የምናውቀው አልነበረም። ወደ ግራጫ ያደላ፣ የጢስ ሰማያዊ ነበር። ባንዲራው እ.ኤ.አ. ጥቅምት 20 ቀን 1947 ሲጸድቅና ከዚያም ወዲህ ቀለሙ እየፈካ መጣ። ያም ሆኖ ከሰማያዊነት አልወጣም። አዲስ ዋና ጸሐፊ በተሾመ ቁጥር "የኔ አረንጓዴ ነው" ያለ የለም። የዓለም ሰላም አስከባሪ ሁሉ ቆብ በአንድ ቀለም የሚታወቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ አየር መንገዳችን ሳናነሳ ማለፍ ነውር ይሆናል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተመሥርቶ፣ መጋቢት 30 ቀን በዚያው ዓመት የመጀመሪያ በረራውን በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። ከዚያ ወዲህ አገሪቱ ባንዲራዋ ላይ ያለውን ዓርማ ስንት ጊዜ ቀይራለች? አንበሳው ሄደ፣ የደርግ ዓርማዎች መጥተው ሄዱ፣ በ1988 ዓ.ም. ደግሞ በሰማያዊ ክብ ውስጥ ኮከብ ገባ። የአውሮፕላኑ ጭራ ግን አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ እንዳለ ነው። መሐሉ ላይ ምን ይቀመጥ በሚለው ሰው እስከ ዛሬ ይጣላል፤ በሦስቱ ቀለማት ላይ ግን የሚጣላ የለም። አየር መንገዱ የማያጣላውን ክፍል ይዞ በረረ። ጋና እ.ኤ.አ. በ1957 ነጻ ስትወጣ የተዋሰችው፣ ከዚያ ጊኒና ማሊ፣ ሴኔጋልና ካሜሩን በየራሳቸው አደራደር የለበሱትም ይህንኑ ነው።

እንግዲህ ወደ ዩኒቨርሲቲው እንመለስ።

በውጭው ዓለም የዩኒቨርሲቲ ቀለም የሚባለው ነገር ከቢሮ የወጣ አይደለም፤ ከወንዝ የወጣ ነው። ኦክስፎርድና ካምብሪጅ በቀዘፋ መወዳደር የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1829 ነበር። በ1836ቱ ሁለተኛ ውድድር የካምብሪጅ ልጆች ጀልባቸው ላይ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ሪባን አሰሩ፤ ያው ሪባን እስከ ዛሬ የዩኒቨርሲቲው ስፖርተኞች ቀለም ነው። የአሜሪካው ሃርቫርድ ደግሞ የባሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ1858 ሁለት ቀዛፊዎች፣ ተመልካች ከሩቅ እንዲለያቸው ብለው ለጓደኞቻቸው ደማቅ ቀይ መሐረብ ገዙ። ከሁለቱ አንዱ ቻርልስ ኤልየት በኋላ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ሆነ። ተማሪው እ.ኤ.አ. በ1875 በቀዩና በሌላ ተቀራራቢ ቀለም መካከል ድምፅ ሰጥቶ ቀዩን አጸደቀ፤ ዩኒቨርሲቲው ራሱ በይፋ የተቀበለው ግን በ1910 ነው። ከመሐረቡ እስከ ውሳኔው 52 ዓመት መሆኑ ነው። መጀመሪያ ሰው ለበሰው፣ ከዚያ ሰው ለመደው፣ በመጨረሻ ወረቀት ላይ ሰፈረ። ልክ እንደ ካዛንቺስ ስም።

የኛ አገር ታሪክ ይህን ያህል ረጋ ብሎ ለመልመድ ጊዜ የሰጠ አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ውሰዱ። በ1943 ዓ.ም. ኮሌጅ ሆኖ ተከፈተ። በ1954 ዓ.ም. ንጉሡ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ሰጥተውት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ አብዮቱ ስሙን አነሳና የአሁኑን አገኘ። በ25 ዓመት ውስጥ ስሙ እንዲህ ከተገለባበጠ ማኅተሙና ወረቀቱስ እንዴት ይረጋል? ተማሪውም መላ ዘየደ፤ ተቋሙን በቦታው ጠራው። ስድስት ኪሎ፣ አራት ኪሎ፣ አምስት ኪሎ። በኛ በኩል፣ ወደ ሰንጋ ተራ፣ ኮሜርስ። እነዚህን ስሞች ማንም አዋጅ አልነካቸውም። "የት ነው የምትማረው?" ሲባል "ኪሎ" ብሎ የሚመልስ ልጅ ዩኒቨርሲቲው ራሱ ያልሠራለትን መለያ ሠርቷል ማለት ነው።

በ1980ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ በአገሪቱ ሁለት ዩኒቨርሲቲ ነበር። ዛሬ የመንግሥቶቹ ብቻ ከ40 በላይ ናቸው። አዲስ ግቢ ሲከፈት መጀመሪያ የሚሠራው ዓርማ ነው፤ መጽሐፍ፣ ችቦ፣ ጥርስ ያለው ጎማ፣ የስንዴ ዘለላ፣ ካልጠፋ ደግሞ የሚወጣ ፀሐይ። ሁሉንም ነገር ለማለት ስለሚሞከር ሁሉም አንድ ይመስላሉ። ተመራቂው ደግሞ ባች በባች ጂሲ ቲሸርቱን ያሳትማል፤ ዘንድሮ ብርቱካናማ፣ ለከርሞ ወይን ጠጅ። ቲሸርቱን ነቀፋ አይደለም፣ እኛም ለብሰነዋል። ግን በልጆቹ ደረት ላይ ያለው ቀለም ዓመቱን እንጂ ግቢውን አይናገርም።

ከመካከላችን አንዱ የተማረበት ግቢ (ስሙ ይቆየን) የሰጠውን ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን አይተነዋል። በመታወቂያው ላይ ያለው ዓርማ ጥቁር ሰማያዊ ነው። ጊዜያዊ ዲግሪው ላይ ሐምራዊ ሆኗል። የምረቃ መጽሔቱ ሽፋን ላይ ደግሞ የሰማይ ቀለም ነው። ሦስቱም የተሠሩት በአራት ዓመት ውስጥ ነው። ይህን ልጅ ቀጣሪ ቢሮ ውስጥ አስቡት። ሦስቱን ወረቀት አቅርቦ ሲቆም የሰው ኃይል ኃላፊዋ መነጽራቸውን አስተካክለው "ሁለቱ ከአንድ ቦታ ናቸው?" ቢሉ አይፈረድባቸውም። በሐሰተኛ ዲግሪ በተሰላቸች አገር የቀለም መዛባት የውበት ጥያቄ መሆኑ ይቀርና የእንጀራ ጥያቄ ይሆናል። እዚህ ላይ "ቅንጦት ነው" ያልነው ወገኖች ዝም አልን።

ሰማያዊው ሐምራዊ የሆነው በተንኮል አይደለም፤ በሥራው ጠባይ ነው። ኮምፒውተር ላይ የምናየው ቀለም ብርሃን ነው፤ ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ ብርሃን ይቀመማል። ማተሚያ ቤት የሚጠቀመው ደግሞ ቀለም ነው፤ ውሃ ሰማያዊ፣ ደማቅ ሮዝ፣ ቢጫና ጥቁር። ስክሪን ላይ የሚያበራው ጥርት ያለ ሰማያዊ ወደ ወረቀት ሲወርድ ሮዙ ይጨመርበትና ወደ ሐምራዊ ያጋድላል። ለዚህ ነው ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1927 በ40 ቀለማት ጀምረው ራል የሚባል ዝርዝር ያወጡት፤ ለዚህ ነው አሜሪካዊው ላውረንስ ኸርበርት እ.ኤ.አ. በ1963 ፓንቶን የሚባለውን ባለ ቁጥር የቀለም መዝገብ የዘረጋው። "ሰማያዊ" ብሎ ማዘዝ ቀርቶ በቁጥር ማዘዝ መጣ። ታክሲ በዓይን ቢቀባ ችግር የለውም ብለናል፣ አቀማመጡ ይበቃዋል። ዲግሪ ግን ታክሲ አይደለም። ማኅተም የሚመረመረው በቅርበት ስለሆነ ቁጥር ያስፈልገዋል፤ ቁጥሩም በአንድ ሠራተኛ ፍላሽ ውስጥ ሳይሆን በመዝገብ ቤት መቀመጥ አለበት።

ፀሐይዋም ሌላ ፈተና ናት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ጨረሩ ይበረታል። ደጅ የተሰቀለ ባነር ሲሰነብት አስቀድመው የሚያልቁት ቢጫውና ቀዩ ናቸው። የሚተርፈው ሰማያዊው ነው። ካዛንቺስን በእግሩ የሄደ ሰው ያውቀዋል፤ የከረመ የሥጋ ቤት ማስታወቂያ ላይ ያለ ቁርጥ ሰማያዊ ሆኖ ሲያይ ምግብ ፍላጎቱ የተዘጋ ብዙ ነው። ባንኮቹ ይህን ስለሚያውቁ ቶሎ ቶሎ ይለውጣሉ፤ የንግድ ባንክን ወይን ጠጅ ገጠር ድረስ ሄዳችሁ እዚያው ታገኙታላችሁ። ዩኒቨርሲቲ ገንዘብ ባይኖረው እንኳ ፀሐይ የሚችል ቀለም መምረጥ ይችላል።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2015 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ራስ ገዝ ሆኗል። ራሱን ችሎ ተማሪ መሳብና ገንዘብ ማግኘት ሲጀምር ቀለም አጥኑልኝ ማለቱ አይቀርም፤ ሌሎቹም ይከተሉታል። የኛ ምክር አጭር ናት። አዲስ አይፈልስፉ። ተማሪው አስቀድሞ የለመደው ነገር ካለ እሱን ፈልገው ያጽድቁት፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ፕሬዚዳንት እንዳይነካው እጁን ይሰሩለት።

አንድ ነገር ግን ቀርቶናል። አንድ ዓይነትነት ሁልጊዜ መለያ አይሆንም። ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት በኮሪደር ልማቱ አብዛኛው የድሮ ሰፈሯ ፈርሷል፤ ነዋሪውም ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተበትኗል። መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ በዝቷል፣ በየመንገዱ ዳር የቀሩት ሕንጻዎችም በብዛት ግራጫና ግራጫ ነክ ተቀብተዋል። ንጹሕ ነው፤ አልካድንም። ነገር ግን ታክሲው ሰማያዊ ሆኖ የሚጠቅመው ሌላው መኪና ሰማያዊና ነጭ ስላልለበሰ ነው። ሁሉም አንድ ከለበሰ ቢጫው ሕንጻ የለም፣ ሰማያዊው በር የለም፣ "ስታገኘው ወደ ግራ" የሚባል ነገርም የለም።

ታክሲዎቹም ቢሆኑ ተራቸው ደርሷል። ኒው ዮርክ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ፈቃድ ያለውን ታክሲ ሁሉ ቢጫ አስቀብታ ነበር፤ ኡበር መጣና ማንኛውም ቀለም ያለው መኪና ታክሲ ሆነ። እኛም ጋ ራይድና ፈረስ መጡ። ምቾታቸውን አንጠላም፣ በተለይ በክረምት። ባለፈው ማታ ከመካከላችን አንዱ ካዛንቺስ ቆሞ በስልክ የሚከተለውን ሲነጋገር ሰማነው።

"ሄሎ፣ ወንድሜ፣ የት ደረስክ?"

"ደርሻለሁ፣ ቆሜ እየጠበቅኩህ ነው። አንተ የት ጋ ነህ?"

"ግራጫው ሕንጻ ጋ።"

"የትኛው ግራጫ?"

"መብራት ያለው። መኪናህ ምን ዓይነት ናት?"

"ነጭ ቪትዝ።"

ቀና ብሎ መንገዱን አየ። አምስት ነጭ ቪትዝ ተደርድረዋል።